የዓባይ ደለልና የግድብ ሐይቆች፦ ውኃው ሲያልፍ አፈሩ የት ይቀራል?

በታላላቅ ወንዞች ላይ ስለሚገነቡ ግድቦች የሚቀርቡ ጥናቶችና የሚካሄዱ ክርክሮች በአብዛኛው የሚያተኩሩት በውኃ መጠን ላይ ነው። ምን ያህል ውኃ ይጠራቀማል፣ ምን ያህሉ ይተናል፣ ምን ያህሉስ ወደ ታችኛው ተፋሰስ ይለቀቃል የሚሉት ጥያቄዎች ሰፊውን ቦታ ይይዛሉ። ይሁን እንጂ ወንዝ ከውኃ ጋር አፈርንም የሚያጓጉዝ ሥርዓት ነው። ዓባይ የኢትዮጵያን ድንበር ሲሻገር በዓመት በአማካይ 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይዞ ይወጣል፤ አብሮት የሚጓዘው ደለል ደግሞ በስፋት ጥቅም ላይ በሚውሉ ግምቶች መሠረት በዓመት እስከ 140 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል።

ግድብ እነዚህን ሁለት ጭነቶች በአንድ ዓይነት መንገድ አያስተናግዳቸውም። ከትነት በስተቀር ውኃውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ደለሉን ግን ያስቀረዋል። ከዚህ ልዩነት ሦስት ጥያቄዎች ይመነጫሉ። የመጀመሪያው ሐይቁ በምን ፍጥነትና በየትኛው ክፍሉ ይሞላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደለሉን የተነጠቀው ወንዝ ከግድቡ በታች ምን ያደርጋል የሚለው ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ የተከማቸው አፈር የማን ማሳ ነበር የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የዓባይንና የአትባራን ተፋሰሶች እንደ ማሳያ በመውሰድ ሦስቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የደለል አጓጓዝ መሠረታዊ ሕግጋት

ወንዝ የሚያጓጉዘው ደለል እንደ ቅንጣቱ መጠን በሁለት ዋና መንገዶች ይጓዛል። ጠጠርና ሻካራ አሸዋ በወንዙ ወለል ላይ እየተንከባለሉና እየዘለሉ ይሄዳሉ፤ ይህ የወለል ደለል ይባላል። ደቃቅ አሸዋ፣ ልም ደለልና ሸክላ ግን የውኃው መናወጥ ስለሚያነሣቸው በፍሰቱ ውስጥ ተንሳፍፈው ይጓዛሉ፤ ይህም ተንሳፋፊ ደለል ነው። እንደ ዓባይ ባሉ ከደጋ የሚነሡ ወንዞች የጭነቱ አብላጫ ክፍል ተንሳፋፊ ነው።

ተንሳፋፊው ደለል የት እንደሚያርፍ የሚወስነው በቅንጣቱ የመስመጥ ፍጥነትና በውኃው መናወጥ መካከል ያለው ሚዛን ነው። በስቶክስ ሕግ መሠረት በረጋ ውኃ ውስጥ የደቃቅ ቅንጣት የመስመጥ ፍጥነት ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። 0.1 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ደቃቅ አሸዋ 1 ሜትር ለመስመጥ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ዲያሜትሩ 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነ የሸክላ ቅንጣት ግን ለዚያው 1 ሜትር ከ3 ቀናት በላይ ይፈልጋል። የዲያሜትሩ ልዩነት 50 እጥፍ ሲሆን የጊዜው ልዩነት 2,500 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አሸዋ ማንኛውም ሐይቅ ያስቀረዋል፤ ሸክላን ለማስቀረት ግን ውኃው በሐይቁ ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት መቆየት አለበት።

ሌላው መሠረታዊ ነጥብ ጊዜ ነው። ወንዝ ደለል የማጓጓዝ አቅሙ ከፍሰቱ መጠን ጋር በቀጥታ ሳይሆን ከዚያ በላቀ ፍጥነት ያድጋል። በዚህም ምክንያት የዓባይ ዓመታዊ ደለል ከሞላ ጎደል የሚጓዘው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ውስጥም ቢሆን ደለሉና ውኃው ጫፍ የሚደርሱት በአንድ ጊዜ አይደለም። የውኃው ፍሰት አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ ጫፍ ሲደርስ፣ የደለሉ ክምችት ግን ከዚያ ቀድሞ በክረምቱ መግቢያ ይበረታል። ምክንያቱ በማሳው ላይ ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች የሚወርዱት ተደጋግሞ በታረሰና ሰብሉ ገና ባልሸፈነው አፈር ላይ ነው። ቆይቶ ቡቃያው መሬቱን ሲሸፍን፣ ልሙ አፈርም ታጥቦ ሲያልቅ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው ጎርፍ የሚሸከመው ደለል ይቀንሳል። ይህ የጥቂት ሳምንታት መቀዳደም፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ የግድቦችን ዕድሜ የሚወስን ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል።

ደለል በሐይቅ ውስጥ

ወንዙ ወደ ግድብ ሐይቅ ሲገባ ስፋቱና ጥልቀቱ ስለሚጨምር ፍጥነቱ በድንገት ይወድቃል። ጠጠሩና አሸዋው በሐይቁ መግቢያ ላይ ያርፉና ከዓመት ወደ ዓመት ወደ ግድቡ የሚገፋ ዴልታ ይሠራሉ። ደቃቁ ደለል ወደ ውስጥ ዘልቆ በሰፊው ወለል ላይ ይነጠፋል። አንዳንድ ጊዜም ደለል የበዛበት ውኃ ከሐይቁ ውኃ ስለሚከብድ በሥር ሾልኮ በወለሉ ላይ እስከ ግድቡ ድረስ ይፈስሳል።

በዚህ ረገድ በተደጋጋሚ የሚሰማ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። የግድብ ንድፍ ሲዘጋጅ ከዝቅተኛው የውኃ መውጫ በታች ያለው የሐይቁ ክፍል ሙት ክምችት ተብሎ ይለያል፤ ብዙ ጊዜም ደለሉ በቅድሚያ ይህን ክፍል እንደሚሞላ ይታሰባል። በተግባር ግን ሻካራው ደለል የሚያርፈው በሐይቁ ራስ፣ ለመስኖና ለኃይል ማመንጫ በሚያገለግለው የላይኛው ክምችት ውስጥ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው። ግንባታው ከ1960 እስከ 1970 የተካሄደው ይህ ግድብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሐይቅ ፈጥሯል። 31 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚሆነው ክፍሉም ለደለል የተተወ ነው። ሆኖም ወፍራሙ የደለል ክምር የሚገኘው በግድቡ ሥር ሳይሆን ከግድቡ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በሐይቁ የሱዳን ክፍል ነው።

አንድ ሐይቅ ከሚገባበት ደለል ምን ያህሉን እንደሚያስቀር ለመገመት እስከ ዛሬ የሚያገለግለው ቀላል መንገድ ብሩን በ1953 ያቀረበው የጥምዝ መስመር ነው። መለኪያው የሐይቁ መጠን በዓመት ከሚገባበት ውኃ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ሐይቁ የዓመቱን ፍሰት አንድ አሥረኛ ብቻ የሚይዝ ቢሆን እንኳ ከደለሉ ከ80 በመቶ በላይ ያስቀራል፤ የዓመቱን ፍሰት በሙሉ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ከ95 በመቶ በላይ ያስቀራል። ይህ ጥምዝ መስመር ግን ሐይቁ ዓመቱን ሙሉ እንደ ተራ ማጠራቀሚያ እንደሚሠራ የሚያስብ ነው። በሮቹ መቼ እንደሚከፈቱና መቼ እንደሚዘጉ አያውቅም።

ከሱዳን ግድቦች የተገኘው ትምህርት

የበሮቹ አከፋፈት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከሱዳን ግድቦች ታሪክ መረዳት ይቻላል። በ1925 በዓባይ ላይ ሥራ የጀመረው የሰናር ግድብ የገዚራን የጥጥ እርሻ ለማጠጣት የተሠራ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ 930 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዝ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ በደለል ተወስዷል። በ1966 የተጠናቀቀው የሮሴሪስ ግድብ ደግሞ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ከነበረው ክምችቱ በ40 ዓመታት ውስጥ ከሢሶ በላዩን አጥቷል። ግድቡ በኋላ ከፍ እንዲል ተደርጎ የማስፋፊያ ሥራው በ2013 ተጠናቋል።

የሮሴሪስ ጉዳት ከባድ ቢሆንም ከሚጠበቀው ያነሰ መሆኑ ትኩረት ይስባል። የሐይቁ መጠን ከዓመታዊው ፍሰት ጋር ሲነጻጸር 6 በመቶ ገደማ ነው፤ በብሩን ጥምዝ መስመር መሠረት ከደለሉ 80 በመቶ ያህሉን ማስቀረት ነበረበት። በዓመት የሚገባው ደለል ሲያርፍ 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ እንደሚይዝ ቢታሰብና ሐይቁ በ40 ዓመታት ያጣው 1.1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ቢሆን፣ በሐይቁ የቀረው ደለል ከሩብ ገደማ አይበልጥም። ልዩነቱን የፈጠረው የአሠራር ደንቡ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሐይቁ ውኃ ዝቅ ብሎ በሮቹ ክፍት ይሆናሉ፤ ደለል የበዛበት ጎርፍም ሳይቆም ያልፋል። ሐይቁ መሞላት የሚጀምረው ጫፉ ካለፈ በኋላ፣ ውኃው መጥራት ሲጀምር ነው። ደለሉ ከውኃው ቀድሞ ጫፍ መድረሱ ይህን አሠራር የሚቻል አድርጎታል።

በቻይና የቢጫው ወንዝ ላይ የተሠራው የሳንሜንሺያ ግድብም ወደዚሁ መደምደሚያ የደረሰው በከባድ ዋጋ ነው። ግድቡ በ1960 ውኃ መያዝ እንደጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በደለል ስለተጎዳ፣ ተጨማሪ የሥር ማስተንፈሻዎች ተሠርተውለት ጥሩውን ውኃ አጠራቅሞ ድፍርሱን የሚለቅ እንዲሆን ተደርጓል።

በአትባራ ወንዝ ላይ በ1964 የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ ግን የዘዴውን ወሰን ያሳያል። ይህ ግድብ በአስዋን ሐይቅ ምክንያት ከዋዲ ሃልፋ የተነሡ ኑቢያውያን ለሰፈሩበት የመስኖ እርሻ ውኃ እንዲሰጥ የታሰበ ነበር። 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ከነበረው ክምችቱ ከግማሽ በላዩን በማጣቱ የታቀደውን መሬት በሙሉ ማጠጣት አልቻለም። የቀረውን ለማዳን በክረምት ሐይቁን ባዶ እስኪሆን ድረስ በመልቀቅ ደለሉን ማጠብ የተለመደ ሆነ፤ በዚህ መንገድ የሚለቀቀው እጅግ ድፍርስ ውኃ ግን ከግድቡ በታች ያለውን ዓሣ በብዛት ይገድላል። ወዳጅ መሬታቸውን በአንድ ግድብ ምክንያት የለቀቁ ሰዎች በሌላ ግድብ ደለል ምክንያት የውኃ እጥረት ገጠማቸው ማለት ነው።

ከግድቡ በታች፦ የተራበ ውኃ

ደለሉን አራግፎ የሚወጣ ውኃ የማጓጓዝ ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ የሚያጓጉዘው ግን የለውም። የወንዝ ተመራማሪዎች ይህን የተራበ ውኃ ይሉታል። ጉልበቱን የሚያወጣው የወንዙን ወለል በመቆፈርና ዳርቻውን በመናድ ነው። ቁፋሮው የሚቆመው ደቃቁ አልቆ ወለሉ በጠጠር ሲሸፈን፣ ወይም የወንዙ ተዳፋት ሲቀንስ ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ወንዝ ላይ የግሌን ካንየን ግድብ በ1963 ከተዘጋ በኋላ በታላቁ ሸለቆ የነበሩ የአሸዋ ዳርቻዎች እየሳሱ በመሄዳቸው፣ ከ1996 ጀምሮ እነርሱን ለመመለስ ታስቦ ሰው ሠራሽ ጎርፍ በተለያዩ ጊዜያት እንዲለቀቅ ተደርጓል።

ሆኖም የተራበ ውኃ በሁሉም ቦታ እኩል አይቆፍርም። ከአስዋን በታች ወለሉ በብዙ ሜትር ዝቅ እንደሚል ተሰግቶ የነበረ ቢሆንም የታየው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ ግድቡ ደለሉን ብቻ ሳይሆን የጎርፉን ጫፍም አስቀርቷል፤ ጉልበቱ የተቀነሰ ፍሰት ብዙ አይቆፍርም። ሁለተኛ፣ በኢስና፣ በነጅዕ ሐማዲና በአስዩት የነበሩት የውኃ ማቀበያ ግድቦች የወንዙን ተዳፋት በየደረጃው ይዘውታል።

ዋናው ጉዳት የታየው በወንዙ አፍ ነው። የዓባይ ዴልታ በሺህ ዓመታት ውስጥ የተሠራው ወንዙ የሚያመጣው ደለል የባሕሩ ሞገድ ከሚወስደው በመብለጡ ነበር። ሚዛኑ መዛባት የጀመረው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ፣ ከመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ጊዜ ጀምሮ ሲሆን፣ ከ1964 በኋላ ግን ደለሉ ከሞላ ጎደል ተቋረጠ። በረሺድ ያለው የዴልታው አፍንጫ በአንዳንድ ዓመታት ከ100 ሜትር በላይ እየተሸረሸረ ወደ ኋላ በመሸሹ በድንጋይ ግንብ እንዲታገድ አስፈልጓል። ዴልታው በራሱ ክብደት እየሰመጠ፣ የባሕሩም ወለል ከፍ እያለ ባለበት ሁኔታ አዲስ አፈር አለመምጣቱ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ከጎርፉ ጋር ወደ ባሕር ይገባ የነበረው ንጥረ ነገር በመቋረጡም በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን ይደርስ የነበረው የሰርዲን ምርት በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ከ1 ሺህ ቶን በታች ወርዷል።

የአስዋን ታሪክ ግን የጉዳት ታሪክ ብቻ አይደለም። ግድቡ ግብፅን ከጎርፍና ከድርቅ ጠብቋል፤ ዓመቱን ሙሉ መስኖ እንዲኖርም አስችሏል። ለማሳ ማዳበሪያ ይሆን የነበረው ደለልም ቢሆን ከጠቅላላው ጭነት ጥቂቱ ነበር፤ አብዛኛው ያልፍ የነበረው ወደ ባሕር ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የደለል መቋረጥ ዋጋ በአንድ ቦታ ሳይሆን በብዙ ቦታዎች ተበታትኖ፣ ከግድቡ ርቆና ዘግይቶ የሚከፈል መሆኑ ነው።

የህዳሴው ግድብና አዲሱ የደለል ሚዛን

ግንባታው በ2011 የተጀመረው፣ በ2020 ውኃ መያዝ የጀመረውና በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ሐይቅ ፈጥሯል። ይህ ከዓባይ ዓመታዊ ፍሰት 1.5 እጥፍ ነው። በዚህ ንጽጽር መሠረት ከሚገባው ደለል ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በሐይቁ ይቀራል። እንደ ሮሴሪስ በክረምት በር ከፍቶ ማሳለፍም ለዚህ ግድብ የሚሆን አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ማጠራቀሚያና ለኃይል ማመንጫ የተሠራ ሐይቅ በየክረምቱ ዝቅ ቢል የተሠራበትን ዓላማ ያጣል።

ሐይቁ በስንት ዓመት ይሞላል? በዓመት 120 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደለል ቢከማች፣ 14.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ለሚሆነው ሙት ክምችት ከ120 ዓመታት በላይ፣ ለሐይቁ በሙሉ ደግሞ 600 ዓመታት ያህል ያስፈልጋል። ይህ ስሌት የመጠኑን ደረጃ ለማሳየት እንጂ ለትንቢት የሚሆን አይደለም። ደለሉ ሙት ክምችቱን በቅድሚያ ስለማይሞላ ጉዳቱ በላይኛው ክምችት ላይ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ በሌላ በኩል የተከማቸው ደለል ከጊዜ ጋር እየታመቀ ስለሚሄድ የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል። በማንኛውም ስሌት ግን ከሰናርና ከኻሽም ኤል ጊርባ ጋር የሚነጻጸር ፈጣን መሞላት አይጠበቅም።

በታችኛው ተፋሰስ ለውጡ ሁለት ገጽታ አለው። ለሮሴሪስና ለሰናር የደለሉ መቅረት የዕድሜ ማራዘሚያ ነው፤ በየዓመቱ ከገዚራ ቦዮች ደለል ለማስጠረግ የሚወጣው ወጪም ይቀንሳል። በሌላ ወገን በወንዙ ዳር ከጎርፍ ሽሽት በኋላ የሚያርሱ ገበሬዎች የሚታደስ አፈር ያጣሉ፤ ከዳርቻው ጭቃ ጡብ የሚሠሩ ሰዎች ጥሬ ዕቃቸው ይመናመናል። የጠራ ውኃ ብርሃን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ በቦዮች ውስጥ የውኃ አረም ይበዛል፤ ይህ ከአስዋን በኋላ በግብፅ ቦዮች የታየ ነው። የወንዙ ዳርቻም ለመናድ ይጋለጣል። የአስዋን ሐይቅ ራሱ ከዓባይ የሚያገኘው ደለል በብዙ ይቀንሳል፤ ነጭ ዓባይ ጭነቱን በሐይቆችና በሱድ ረግረግ ስለሚያራግፍ፣ ከእንግዲህ የአስዋን ዋና የደለል ምንጭ አትባራ ይሆናል ማለት ነው።

የሐይቁ ዕድሜና የማሳው ዕድሜ

የ600 ዓመት ስሌት ከሐይቁ አንጻር ሲታይ የሚያጽናና ይመስላል። ከማሳው አንጻር ሲታይ ግን ትርጉሙ ይለወጣል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ደለል በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ፣ በሸዋና በወለጋ ተዳፋቶች ላይ የነበረ ለም የላይ አፈር ነው። ከዚያም በላይ ድንበር የሚደርሰው ከታጠበው አፈር ከፊሉ ብቻ ነው፤ የቀረው በየተዳፋቱ ግርጌ፣ በየሜዳውና በየጅረቱ ዳር ያርፋል። ስለዚህ በወንዙ ላይ የሚለካው ደለል በማሳ ላይ የደረሰውን ኪሳራ አሳንሶ ያሳያል። ሐይቁ ለዘመናት ላይሞላ ይችላል፤ ስስ አፈር የቀረው ማሳ ግን ያን ያህል አይታገስም።

አነስተኛ ሐይቆች ይህን እውነት ቀድመው አሳይተዋል። በ1960 ሥራ የጀመረው በአዋሽ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ ከክምችቱ ከፍተኛ ድርሻ በደለል አጥቷል፤ ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ የተሠራው የአንገረብ ግድብም በንድፉ ከታሰበለት ዕድሜ ቀድሞ በደለል ተጎድቷል። ትልቅ ሐይቅ ችግሩን ያዘገየዋል፤ አይፈታውም።

መፍትሔው የሚገኘው በላይኛው ተፋሰስ መሆኑ በስፋት የታመነ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በወሎ ማይባር፣ በሸዋ አንዲት ጥድና በጎጃም አንጀኒ በተከፈቱት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች የተሰበሰበው የረጅም ጊዜ መረጃ እርከን በተዳፋት ላይ የሚወርደውን አፈር በግልጽ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይሁን እንጂ በማሳ የተገኘው ውጤት በወንዙ ላይ ወዲያው እንዲታይ መጠበቅ አይገባም። ቀደም ሲል በሸለቆዎች ያረፈው አፈር እንደገና ስለሚነሣ፣ ቦረቦሮችም የራሳቸውን ደለል ስለሚያመነጩ፣ ትልቁ ወንዝ ለጥበቃው ምላሽ የሚሰጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። እርከን ሠርቶ ቦረቦሩን መተው ወይም በጥቂት ዓመታት የወንዝ መረጃ ብቻ የጥበቃ ሥራን ከንቱ ብሎ መፈረጅ ሁለቱም ስሕተት ይሆናሉ።

መለካት ያለበት ምንድን ነው?

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዓባይ ደለል ዋና መለኪያ በድንበሩ አቅራቢያ በሱዳን በኩል ያለው የኤል ዴም ጣቢያ ነበር። ከህዳሴው ግድብ በኋላ ግን በዚያ የሚያልፈው ከሐይቁ የወጣ ውኃ ነው፤ ስለ ላይኛው ተፋሰስ አፈር የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ የመለኪያው ማዕከል ወደ ሐይቁ ራስና ወደ ገባሮቹ መሸጋገር ይኖርበታል።

ለዚህ ሦስት ሥራዎች ቅድሚያ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው የሐይቁን ወለል በተወሰኑ ዓመታት ልዩነት ደጋግሞ መለካት ነው፤ የዴልታው ግስጋሴና የላይኛው ክምችት መቀነስ በሌላ መንገድ አይታወቅም። ሁለተኛው በገባሮቹ ላይ የደለል ናሙና በክረምቱ መግቢያ፣ ጎርፉ ገና እየጨመረ ባለበት ጊዜ በብዛት መውሰድ ነው፤ በነሐሴ መጨረሻ ብቻ የሚወሰድ ናሙና የዓመቱን ጭነት አሳንሶ ይገምታል። ሦስተኛው ከግድቡ በታች ያለውን የወንዝ ወለልና ዳርቻ ቅርጽ በቋሚ መስመሮች ላይ መከታተል ነው። የመጨረሻው የሁለቱን አገሮች ባለሙያዎች ትብብር ይጠይቃል፤ ጥቅሙም የጋራ ነው።

ግድብ የደለልን ጉዞ ያቋርጣል፤ አፈሩ ከማሳ መነሣቱን ግን አያስቆምም። የአንድ ግድብ ዕድሜ የሚሰላው ሐይቁ በሚሞላበት ዓመት ነው። የአንድ ተፋሰስ ጤንነት ግን የሚለካው ወደ ሐይቁ በሚገባው ውኃ ጥራትና በተዳፋቱ ላይ በቀረው አፈር ውፍረት ነው። እነዚህ ሁለት መለኪያዎች ጎን ለጎን ካልተያዙ፣ በሐይቁ በኩል የሚገኘው የስሌት ምቾት በማሳው በኩል የሚደርሰውን ኪሳራ ሸፍኖ ያቆየዋል።